ተበልጦ ቆይቶ ማሸነፍ የእግዚአብሔር ፍቅር ምስክር ነውን?

ፍጥረት ሁሉ የሚያስፈልገውን ከፈጣሪው እጅ ይቀበላል። ሰው ግን ከሌላው ፍጥረት ተለይቶ የተቀበለውን ነገር «ከማን አገኘሁት?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ የሰው ክብሩ ነው፤ አመስጋኝ ያደርገዋልና። ነገር ግን መልሱን በችኮላ የሰጠ እንደ ሆነ፥ ምስጋናው ሳይታወቀው ወደ ትዕቢት ይለወጥበታል። «ይህን ያገኘሁት እግዚአብሔር ስለ ወደደኝ ነው» የሚል ሰው፥ በዚያው ቃል «ያላገኘውን ጎረቤቴን ግን አልወደደውም» ብሎ ፈርዶአል። ስለዚህ በማጣት ጊዜ ትዕግሥት እንደሚያስፈልግ ሁሉ፥ በማግኘትም ጊዜ ማስተዋል ያስፈልጋል።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነው ነገር ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። በቢቸናና በሞጣ፥ በመርጡለ ማርያምም፥ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፥ ወጣቶች የእግር ኳስ ይወዳሉ። ጠዋት ያስቀደሱት ልጆች ከሰዓት በኋላ በሜዳ ይሰበሰባሉ፤ ወይም በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው የሩቅ አገር ቡድኖችን ይመለከታሉ። የሚደግፉት ቡድን ተበልጦ ቆይቶ በመጨረሻው ደቂቃ ያሸነፈ እንደ ሆነ «እመቤቴ ማርያም ሰማችኝ» እያሉ ይዘላሉ። ከአባቶች አንዳንዶቹ ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ፤ «እግዚአብሔር ኳስ ሲቆጥር ይውላልን?» ይላሉ። ልጆቹም በበኩላቸው «የራሳችንን ጠጉር እንኳ የሚቆጥር አምላክ ስለ ደስታችን ግድ የለውምን?» ብለው ይመልሳሉ። የሁለቱም ነገር ከእውነት ክፍል አለው፤ የሁለቱም ነገር ግን ሊመረመር ይገባዋል። ምክንያቱም ይህ ክርክር በኳስ ሜዳ ቢጀምርም በኳስ ሜዳ አይቀርም።

ነገሩን በምሳሌ ለመመልከት በአገራችን ከተፈጸመው ታሪክ የሚቀርብ የለም። የአፍሪካ ዋንጫ የሚባለው ውድድር በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲጀመር ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዲቱ ነበረች። በፍጻሜው ጨዋታ ከግብፅ ጋር ገጥማ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በ1951 ዓ.ም. በግንቦት ወር ሁለተኛው ውድድር በካይሮ በተደረገ ጊዜ ግብፅ ኢትዮጵያን ዳግመኛ 4 ለ 0 አሸነፈች። ሦስተኛው ውድድር በአዲስ አበባ ሆነ። ኢትዮጵያም ቱኒዚያን 4 ለ 2 ከረታች በኋላ፥ እሑድ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፥ የጥምቀት በዓል በተከበረ በሦስተኛው ቀን፥ በዚያን ዘመን የተባበረች የዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ከነበረችው ከግብፅ ጋር ለዋንጫው ተገናኘች።

በ35ኛው ደቂቃ በደዊ ዐብደል ፈታሕ ለግብፅ የመጀመሪያውን ግብ አገባ። ከዚያም በኋላ ወደ አርባ ደቂቃ ያህል የኢትዮጵያ ልጆች ተበልጠው ተጫወቱ። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ የሚያደርገውን ግብ አስቈጠረ፤ ሕዝቡም እልል አለ። እልልታው ሳይበርድ ግን በ75ኛው ደቂቃ ያው በደዊ ሁለተኛውን ግብ አገባ። ሊፈጸም ጥቂት ሲቀረው፥ በ84ኛው ደቂቃ፥ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ እንደገና አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ በ101ኛው ደቂቃ፥ መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ በ117ኛው ደቂቃ አገቡ፤ ጨዋታውም 4 ለ 2 ተፈጸመ። ቡድኑን ያሠለጠነው፥ ኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበረው ይድነቃቸው ተሰማ ነበር። ዋንጫውንም ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለአምበሉ ለሉቻኖ በገዛ እጃቸው ሰጡት።

እንግዲህ ይህን ድል ምን እንበለው? ብዙ ሰው «የኢትዮጵያ አምላክ ሥራ ነው» ይላል። ቃሉ መልካም ነው። ከእግዚአብሔር እጅ ያልወጣ በጎ ነገር የለምና፥ ለተቀበሉት ጤንነትና ጉልበት፥ ለአገርም ደስታ ማመስገን ይገባል። ነገር ግን ከዚህ ቃል በስተኋላ ሌላ ሐሳብ ተሸሽጎ ሊገባ ይችላል። እርሱም «ድሉ የተሰጠን ከተሸነፉት ይልቅ እኛ በእግዚአብሔር ዘንድ የተወደድን ስለሆንን ነው» የሚለው ነው። ይህ ሐሳብ እውነት ከሆነ በ1949 እና በ1951 ዓ.ም. ስለ ተቀበልናቸው ስምንት ግቦች ምን ልንል ነው? የ1954ቱን ድል የፍቅር ምልክት ያደረገ አንደበት፥ የፊተኞቹን ሽንፈቶች የቍጣ ምልክት ለማድረግ ይገደዳል። በማሸነፍ ጊዜ እግዚአብሔርን ምስክር ጠርቶ በመሸነፍ ጊዜ ዳኛውንና ዕድልን መክሰስ፥ በአንድ ሚዛን ሁለት ዐይነት መመዘኛ እንደ መያዝ ነው፤ ይህም በንግድ ዘንድ እንኳ የተጠላ ነው።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር እንመልከት። በ1951 ዓ.ም. በግንቦት ወር ኢትዮጵያ በካይሮ ከተማ በኳስ ተሸነፈች፤ በዚያው ዓመት ሰኔ 21 ቀን በዚያችው በካይሮ ከተማ ብፁዕ አቡነ ባስልዮስ በእስክንድርያው ፓትርያርክ በቄርሎስ ስድስተኛ እጅ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። በሁለቱ ነገሮች መካከል የነበረው ጊዜ ከአንድ ወር ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነው። አገር የምትታይበት መስፈሪያ የኳስ ውጤት ቢሆን ኖሮ፥ በግንቦት የተጣለች አገር በሰኔ እንዴት ተከበረች? አሸናፊና ተሸናፊ የሆኑት ሁለቱ አገሮች በአንድ መንበር ሥር ያደጉ ልጆች ነበሩ። አባቶቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሳትን የተቀበሉት ከዚያው ከማርቆስ መንበር ነው፤ የቅዱስ እንጦንስም የቅዱስ አትናቴዎስም አገር ያችው ናት።

እንዲሁም በ1954ቱ ጨዋታ ሳምንት እኛ ጥር 11 ቀን ታቦታቱን አጅበን ወደ ጥምቀተ ባሕር በወረድንበት ዕለት፥ የግብፅ ክርስቲያኖችም ጡቢ በሚሉት ወር በ11ኛው ቀን ያንኑ በዓል አክብረው ነበር፤ የወራቱ ስም ቢለያይም ዕለቱ አንድ ነውና። በዚያ እሑድ ለአገርዋ ልጆች የጸለየች አንዲት የግብፅ እናት ብትኖር፥ ጸሎትዋ ከአንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ጸሎት በምን ያንሳል? ሁለቱም በአንድ ጥምቀት የከበሩ፥ ከአንድ ሥጋና ደም የተቀበሉ ናቸው። የአንዲቱ ልጅ ሲያሸንፍ የሌላይቱ ልጅ የግድ ይሸነፋል። እግዚአብሔር አንዲቱን ሰምቶ ሌላይቱን ናቀ እንል ዘንድ የሚደፍር ልብ ከየት ይገኛል? የኢዮብ ወዳጆች የተሳሳቱት በዚህ ነበር፤ የወዳጃቸውን ቍስል አይተው በደሉን ፈለጉ። ጌታችንም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት ሰዎች ሲናገር፥ ከሌሎቹ ይልቅ ኀጢአተኞች ስለ ነበሩ ነው የሚለውን ግምት አልተቀበለም፤ ይልቁንም ሰሚዎቹን ወደ ገዛ ንስሓቸው መለሳቸው።

ነገር ግን እዚህ ላይ «እንግዲያስ እግዚአብሔር በዚህ ጨዋታ ውስጥ አልነበረም ማለት ነውን? ሁሉም የጉልበትና የአጋጣሚ ሥራ ነውን?» የሚል ጠያቂ ይነሣል። አይደለም። የምንለው እግዚአብሔር አልነበረም አይደለም፤ የእጁን ሥራ በማይገኝበት ቦታ አንፈልገው ነው። እኛ ሥራውን የምንፈልገው በ117ኛው ደቂቃ፥ ድሉ በተረጋገጠ ጊዜ ነው። በእኔ ግምት ግን ልብ ብሎ የሚመለከት ሰው ከ75ኛው ደቂቃ እስከ 84ኛው ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሊያገኘው ይችላል።

ያን ጊዜ እናስበው። ሰው ከመጀመሪያው ተስፋ ከሌለው ልቡ አይሰበርም። ለብዙ ጊዜ ደክሞ፥ ያሰበውን አግኝቶ፥ ገና ደስታውን ሳይቀምስ የተነጠቀ ሰው ግን ልቡ ይሰበራል። የኢትዮጵያ ልጆች በ74ኛው ደቂቃ ተነሡ፤ በ75ኛው ደቂቃ ወደቁ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ውጤቱ ምን እንደሚሆን ሳያውቁ ሮጡ። አሁን የምንጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ የሉቻኖ ኳስ ከግቡ ብረት ወጥታ ቢሆን ኖሮ፥ በእነዚያ ደቂቃዎች የታየው ትጋት ከንቱ ይሆን ነበርን? «አዎ» የምንል ከሆነ የምናከብረው ትጋትን ሳይሆን ውጤትን ነው። «አይሆንም» የምንል ከሆነ ግን፥ የሰው በጎነት ውጤቱ ከመታወቁ በፊት በእግዚአብሔር ዘንድ የተቈጠረ መሆኑን አመንን። እውነቱም ይህ ነው። ሰው ፍጻሜውን አይቶ ያመሰግናል፤ እግዚአብሔር ግን ፍጻሜው ባልታየበት ሰዓት የሚደክመውን ልብ ያያል።

ይህ ነገር ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ተማሪው ሌሊቱን ሲያወጣና ሲያወርድ አድሮ ቅኔውን ለመምህሩ ያቀርባል፤ ቅኔው ተበላሽቶበት በጓደኞቹ ፊት ይመለሳል። በማግሥቱ ያርመዋል፤ አሁንም ሌላ ስሕተት ይገኝበታል። ኋላ መምህር ሆኖ ወንበር ሲዘረጋ አገሩ ሁሉ ያመሰግነዋል። የቀድሞ መምህሩ ግን የሚያስታውሰው ከጉባኤው መካከል አፍሮ የተመለሰበትንና በማግሥቱ ዳግመኛ የመጣበትን ቀን ነው። ከዚያ ተማሪ ጋር አብሮ የደከመ፥ ነገር ግን በሕመም ወይም በችግር ምክንያት ትምህርቱን ያልፈጸመ ሌላ ተማሪም ይኖራል። ወንበር አልዘረጋም፤ ድካሙ ግን በእግዚአብሔር ዘንድ አልጠፋም።

ራስዋ መርጡለ ማርያምም ለዚህ ምስክር ናት። ትውፊታችን ጥንተ ነገርዋን ከአብርሃና ከአጽብሐ ዘመን ያያይዘዋል። ንግሥት እሌኒ በጥበብ የተጌጠ ቤተ ክርስቲያን አሠራችባት፤ በ16ኛው ምዕተ ዓመት በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ጠፋ። በ17ኛው ምዕተ ዓመት የኢየሱሳውያን ማኅበር ሰዎች በስፍራው ሌላ ሕንፃ ሠሩ፤ እርሱም ፈርሶ የተቀረጹት ድንጋዮች እስከ ዛሬ ይታያሉ። ቤተ መቅደስ መቃጠሉ እግዚአብሔር ስፍራውን እንደ ተወ የሚያስረዳ ቢሆን ኖሮ፥ ዛሬ በዚያ ቅዳሴ ባልተቀደሰ ነበር። በፍርስራሹ አጠገብ ዕጣን ያጠኑት ካህናት ማን እንደሚያይላቸው፥ ሕንፃውም ዳግመኛ ይቆም እንደ ሆነ አላወቁም። እኛ ዛሬ የምናየው ፍጻሜውን ነው፤ እነርሱ የኖሩት ግን በመካከሉ ባለው በዚያ በጭንቅ ሰዓት ነው።

እንግዲህ ይህን ወደ ነፍስ ነገር እናምጣው። የንስሓ አባቶች እንደሚያውቁት፥ ብዙ ምእመናን ከንስሓ የሚርቁት ኀጢአታቸው ስለ በዛ ብቻ አይደለም፤ ከተነሡ በኋላ ወዲያው ስለ ወደቁ ነው። ለዓመታት በስካር የኖረ ሰው በጾመ ፍልሰታ ይተዋል፤ ጾሙ በተፈታ በሳምንቱ ይመለሳል። ከዚህ በኋላ «እኔ የማልረባ ነኝ» ብሎ ተስፋ ይቈርጣል። ይህ ሰው የቆመው በ75ኛው ደቂቃ ላይ ነው። ሰይጣንም በዚያ ሰዓት የሚነግረው ቃል «ጨዋታው ተፈጽሞአል» የሚል ነው። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ በካደባት ሌሊት፥ ፈያታዊ ዘየማን በተሰቀለባት ሰዓት፥ ይህን ቃል ሰምተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስማቸውን ባልጠራን ነበር። ካህኑም ለእንዲህ ያለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊነግረው የሚገባ፥ ዳኛው ገና ፊሽካውን እንዳልነፋ ነው።

ነገር ግን ምሳሌው ከምሥጢሩ ጋር በሁሉ ነገር አይመሳሰልም፤ የሚለያይበትንም ማመልከት ያስፈልጋል። አንደኛ፥ በኳስ ሜዳ ዘጠና ደቂቃው የታወቀ ነው፤ የሰው ዕድሜ ግን የታወቀ ሰዓት የለውም። ስለዚህ «ኋላ እመለሳለሁ» ብሎ ዛሬ በፈቃዱ የሚበድል ሰው የተሳሳተ ነው። ኋላ ተነሥቶ ለማሸነፍ ብሎ አስቀድሞ ግብ እንዲገባበት የሚፈቅድ ተጫዋች የለምና። ተበልጦ ማሸነፍ የሚደነቀው መበለጡ ስለማይፈለግ ነው። ሁለተኛ፥ በሜዳ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይወድቃል፤ በመንግሥተ ሰማያት ግን የአንዱ አክሊል ከሌላው ራስ ላይ አይወሰድም። የአንድ ኀጢአተኛ መመለስ ለመላእክት ሁሉ ደስታ የሆነው ስለዚህ ነው። ሦስተኛ፥ የሜዳው ድል ያልፋል።

ስለ ማለፉም ያው የ1954ቱ ታሪክ ያስተምረናል። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ ያን ዋንጫ ዳግመኛ አላነሣችም። ሉቻኖ ቫሳሎ በአሥመራ ከኢጣልያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ሰው ነበረ፤ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ዋንጫ ያነሣው ይህ ሰው በደርግ ዘመን አገሩን ለቆ ወደ ኢጣልያ ተሰደደ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በዚያው ዐረፈ። በስታዲየም እልል ያለለት ሕዝብ በስደቱ አልተከተለውም። ከዚያም ወዲህ በ2004 ዓ.ም. በጳጉሜን ወር ብሔራዊ ቡድናችን በሱዳን ምድር 5 ለ 3 ተሸንፎ፥ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ ባገቡአቸው ግቦች 2 ለ 0 አሸንፎ፥ በሜዳው ውጭ ባገባው ብዛት ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰ። ሕዝቡም በየመንገዱ ደስ ብሎት አመሸ። በጥር ወር በደቡብ አፍሪካ ግን ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያይቶ፥ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፥ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፎ ተመለሰ። በጥቅምት የነበረው አምላክ በጥርም ያው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም የሯጮችን አክሊል ከማይጠፋው አክሊል ጋር ያነጻጸረው፥ ሩጫን ሊያዋርድ ሳይሆን ሩጫው ወዴት እንደሚመለከት ሊያሳይ ነው።

አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም፥ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የማራቶንን ውድድር አሸነፈ። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሁለቱ እግሮቹ ከመሥራት ቀሩ። ድሉን ከእግዚአብሔር ፈቃድ እንደ ተቀበለ አደጋውንም እንዲሁ እንደሚቀበል ተናገረ ይባላል። ወደ ሩጫ አልተመለሰም፤ ነገር ግን በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በ1966 ዓ.ም. ዐረፈ። ተበልጦ ቆይቶ የማሸነፍን ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳን ይህ ይመስለኛል። እግሩ አልተመለሰለትም፤ ልቡ ግን አልወደቀችም።

ከዚህ የተነሣ ስለ ጸሎት አንድ ሥርዐት ለማውጣት እንችላለን። ለራሳችንና ለተቃዋሚያችን በአንድነት ሊሰጥ የሚችለውን ነገር በድፍረት እንለምን፤ ጤንነትን፥ ከጉዳት መጠበቅን፥ ራስን መግዛትን፥ እስከ ፍጻሜው መትጋትን፥ ከጨዋታው በኋላም ወዳጅነትን። ከወንድማችን ካልተወሰደ በቀር ለእኛ ሊሰጥ የማይችለውን ነገር ግን ለፈቃዱ እንተውለት። ልጅ ለአባቱ የልቡን ምኞት መንገር አይከለከልም፤ ስለዚህ «ብናሸንፍ ደስ ይለኛል» ማለት ኀጢአት አይደለም። ኀጢአት የሚሆነው ምኞታችንን የእግዚአብሔር ፍርድ አድርገን በተሸናፊው ላይ ስንጭነው ነው። የምስጋናችንም ሥርዐት እንዲሁ ይሁን። ያሸነፈ ሰው የተሸነፈውን አስቦ ያመስግን፤ የተሸነፈው ባይበረታ ኖሮ ድሉ ድል ባልተባለ ነበርና።

በዚህ ዘመን ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ ተጨምሮአል። ብዙ ወጣቶች በውርርድ ቤቶች በኳስ ውጤት ላይ ገንዘብ ያስይዛሉ። ተበልጦ የነበረው ቡድን ያሸንፍላቸው ዘንድ የቅዱሳንን ስም የሚጠሩ አሉ። ይህ የሚወዱትን ቡድን ከመደገፍ የተለየ ነው። ከብዙ ድሆች ኪስ ተሰብስቦ ለአንዱ የሚደርስ ገንዘብ በእመቤታችን ስም ሲለመን፥ የምሕረት እናት የዕጣ ጠባቂ ተደረገች ማለት ነው። አባቶች ሊቈጡ የሚገባቸው ይህን ነው እንጂ የልጆችን ሩጫ አይደለም። አባቶቻችን በገና ዕለት ሩር ሲመቱ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይጋፉ ነበር፤ ማንም በማንም አይቆጣም ነበር። የተገባ ጨዋታ ትዕቢትን የሚያበርድ ትምህርት ቤት ነው።

ይህን ሁሉ መናገር ያስፈለገው ስለ ኳስ ብቻ እንዳልሆነ በመጀመሪያ አመልክተናል። «ያሸነፍሁት እግዚአብሔር ከእኔ ጋር ስለ ሆነ ነው፤ የተሸነፈውም የተጣለ ነው» የሚለው ሐሳብ በሜዳ የለመደው ልብ ወደ ጦር ሜዳም ይዞት ይሄዳል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በሆነው ግጭት፥ ከዚያም በፊት በሰሜን በሆነው ጦርነት፥ በአንድ ማዕተብ የታሰሩ ወንድማማቾች ፊት ለፊት ተያይተዋል። አንዲት እናት በዚህ ወገን ላለው ልጅዋ ለእመቤታችን ስትሳል፥ ሌላይቱ እናት በዚያ ወገን ላለው ልጅዋ ለዚያችው እመቤት ተስላለች። በዚያ አሸናፊ የሆነው ወገን ሲጨፍር የሌላይቱ እናት ልጅ ወደ ቤቱ አይመለስም። በኳስ ሜዳ ተሸናፊው ታጥቦ፥ ተጨባብጦ፥ ለሌላ ቀን ይነሣል፤ በዚያ ግን መነሣት የሚሆነው በዕለተ ትንሣኤ ነው። ስለዚህ ካህኑ ለአንዱ ወገን ድል ቡራኬ እንዲሰጥ በተለመነ ጊዜ፥ አስቀድሞ የተነገረውን ሥርዐት ያስታውስ፤ ለሁለቱ እናቶች በአንድነት ሊሰጥ የሚችለውን ይለምን። እርሱም ሰላም ነው። ሁለቱ ልጆች በሕይወት ወደ ቤታቸው መመለሳቸው ነው። ይህን ልመና የሚያጣላው ማንም የለም፤ የሚያፍርበትም እናት የለችም።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባብያን ሆይ፥ በርእሱ ለተነሣው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ድል የእግዚአብሔር ፍቅር ምስክር አይደለም፤ ሽንፈትም የቍጣው ምስክር አይደለም። ስለ እግዚአብሔር ፍቅር የምናቆመው ምስክር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በዓለም ዐይን ከሽንፈቶች ሁሉ የመጨረሻው መስሎ የታየው መስቀል ነው። በዕለተ ዐርብ በጎልጎታ የነበሩ ሁሉ ነገሩ ተፈጸመ ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ውጤቱ ሳይታወቅ በመስቀሉ ሥር የቀሩት እመቤታችንና ዮሐንስ፥ ከእነርሱም ጋር የነበሩት ሴቶች ናቸው። እኛም ወጣቶቻችንን የምናስተምራቸው ይህን ይሁን፤ ውጤቱን ከማያውቁበት ሰዓት እንዳይሸሹ፥ ባሸነፉ ጊዜ የተሸነፈውን እንዳይንቁ፥ በወደቁም ጊዜ ራሳቸውን እንደ ተጣሉ እንዳይቈጥሩ።

አምላካችን ወድቀን በተነሣንበትም፥ ተነሥተን በወደቅንበትም ሰዓት ከእኛ አይለይ፤ ለአገራችንም የሁለት ወገን እናቶች የሚያመሰግኑበትን ሰላም ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።